መርዶ ለወኪል አይነገርም

እሁድ ጠዋት የትናየት ሽብሩን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የራሷ ሳቅ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። በሆዷ ተኝታ፣ ግማሽ ፊቷ ትራሱ ውስጥ ተቀብሮ፣ ማታ የጠጣችው ጂን ግንባሯን እየወቀራት ነበር። የሳቀው ወጥ ቤት ያለው፣ በእሷ ድምፅ የሚናገረው ማሽን፣ ወኪሏ ነው።

"ወይኔ አስኩ፣ ገደልሽኝ!" አለ የራሷ ድምፅ። "በይ አሁን አባባን አቅርቢልኝ።"

"ተኝቷል" አለች ታላቅ እህቷ አስካለ፣ ከሁሩታ። "ሲያስለው አድሮ ገና አሁን ሸለብ አደረገው።"

"እንግዲያው አትቀስቅሺው። ሳሚልኝ። በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ።"

"ነይ እሺ። ራስሽ ነይ" አለች አስካለ፤ ስልኩም ተዘጋ።

በአዳማ ማማዎች፣ በረጃጅሞቹ የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ እሁድ ጠዋት እንዲህ ነው። ሰው ይተኛል፣ ወኪሎች ዘመድ ይጠይቃሉ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የትናየት አልጋዋ ላይ ሆና የጎረቤቶቿን ድምፆች ትሰማለች። አንዱ ለአክስቱ ምሕረት ይለምናል፣ አንዷ ለአራስ እንኳን ማርያም ማረችሽ ትላለች። ባለቤቶቻቸው ግን ያንኮራፋሉ። ወኪሎች ቤት ኪራይ ይከፍላሉ፣ በዓል ሲመጣ መልካም ምኞት ይልካሉ፣ የባለቤታቸውን ሥራ በባለቤታቸው ድምፅ ሠርተው ደመወዝ ያመጣሉ። የትናየት የራሷን ወኪል "አንተ" ነው የምትለው። ድምፁ የእሷ ስለሆነ "አንቺ" ማለት ያስፈራታል።

ረፋዱ ላይ ያፌት መጣ። ያፌት ድምፅ አዳሽ ነው። የሰው ድምፅ ከሰውየው ጋር ስለሚያረጅ ወኪሎች ወጣት ሆነው እንዳይቀሩ እንደ እሱ ያሉ ባለሙያዎች በዓመት አንዴ እየዞሩ ያድሷቸዋል። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ ወጣት ነው። ከቦርሳው ግራጫውን የንባብ ጭንብል አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበላት። ጭንብሉ ጭንቅላትን ጨርሶ ይሸፍናል፤ አንገት ላይ ሲጠብቅ ከውጭ የሚገባ ድምፅ የለም፣ ከውስጥ የሚወጣም የለም። የትናየት አጠለቀችውና ዓይኗ ፊት የበራውን ጽሑፍ አነበበች።

"ጤና ይስጥልኝ። ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። እናንተስ ደህና ናችሁ? በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ።"

ስታወልቀው ያፌት ድምፅ መዝጋቢ መሣሪያው ላይ አጎንብሶ ጥቂት ጥያቄዎች ጠየቃት።

"በራስዎ አፍ የሚያነጋግሩት ሰው አለ?"

የትናየት አሰበች። ባሏ ከሄደ ቆይቷል። ከእህቷ ጋር ከተኮራረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ኩርፊያው የመጣው አስካለ "መጠጥሽን ተዪ" ስላለቻት ብቻ ነው። እህቷ አሁን ከወኪሏ ጋር ታርቃለች፤ ከእሷ ጋር ግን አልታረቀችም።

"የለም" አለች።

"ቤትዎ ሳይነግር የሚመጣስ?"

"ማን ይመጣል ብለህ ነው?"

ያፌት ፈገግ አለ። ፈገግታው የሐኪም ፈገግታ ይመስላል። "ለጠዋቱ ድምፅዎ ሐሙስ እመለሳለሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ማንንም ሳያነጋግሩ ይጠብቁኝ። እውነተኛው ድምፅ ጉሮሮ ሳይነቃ የሚወጣው ነው።" ሲሰናበት በቢጫ ወረቀት የተጠቀለለች የማር ከረሜላ መዳፏ ላይ አኖረላት። ወረቀቷ ላይ ትንሽ ንብ ተስላለች። "ለጉሮሮዎ" አላት።

* * *

ሰኞ የጋዜጣው ኤዲተር አጥናፉ ደወለ።

"የትናየት! ነቅተሻል?"

"አንተ ነህ ወኪልህ?"

"እያላመጥኩ መሆኔን አትሰሚም እንዴ? ወኪል ጫት ይቅማል? ተነሺ፣ ዘጠነኛ ማማ ሬሳ ተገኝቷል። የደረቀ! ቧንቧ ፈንድቶ ታች ቤት ባያንጠባጥብ ኖሮ እስካሁንም ማንም አያውቅም። ዘንድሮ ብቻ ሦስተኛው ነው፣ 'የማማዎቹ ነፍሰ ገዳይ' ብዬዋለሁ።"

"ፖሊስ ግድያ ነው አለ?"

"ፖሊስ ሁሌም ልብ ድካም ነው ይላል። በልብ ድካም የሚደነግጥ አንባቢ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሂጂና ቁሚልኝ።"

ሥራዋ መቆም ነው። "ጉድ ፈላ" ጋዜጣን የሚጽፈው ማሽን ነው። ሕጉ ግን የሰው ሞት የያዘ ዜና "ሰው ያየው" የሚል ማኅተም ካላረፈበት አይወጣም ይላል። ማኅተሙ የየትናየት ነው። ዜናው አስቀድሞ ተጽፎ ይጠብቃታል፤ እሷ ሬሳው አጠገብ ትቆማለች፣ ታያለች፣ ተመልሳም ትጠጣለች። ድሮ ራሷ ትጽፍ ነበር። አሁን ድሮውን የሚያስታውሳት አጥናፉ ብቻ ነው፤ እሱም ሲያሾፍባት።

ዘጠነኛ ማማ ስትደርስ ሬሳውን እያወጡት ነበር። ሟቹ ግዛቸው ይባላል። ለባቡር ድርጅት የደንበኞችን አቤቱታ የሚሰማ ሰው ነበር። አስከሬኑ በበሩ ሲያልፍ በሩ ላይ ያለው ወኪል በለሰለሰ የወንድ ድምፅ ተናገረ። "ግዛቸው ነኝ። አሁን ቤት የለሁም፤ መልእክትዎን ቢተዉልኝ ደስ ይለኛል።"

"ይሄን ነገር አንድ ሰው ዝም ያሰኝልኝ!" ብላ ጮኸች ኢንስፔክተር ጫልቱ። ከየትናየት ጋር በብዙ ሬሳዎች አጠገብ ቆመው ይተዋወቃሉ። "ኅዳር ላይ ሞቶ፣ ከዚያ ወዲህ ኪራዩን ከፍሏል፣ ሥራውን ሠርቷል፣ ምርጥ ሠራተኛ ተብሎ ተሸልሟል። ቁስል የለው፣ የተሰበረ በር የለ። ልብ ድካም ነው ብዬ ከመጻፍ በቀር ምን ላድርግ?"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔማ ይሄ ሕንፃ ሰው የሚኖርበት አይመስለኝም" አለችና ሬሳውን ተከትላ ወረደች።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የግዛቸው አጎት ናቸው፣ አቶ ቦጋለ፣ ከመተሐራ። አላለቀሱም። ያነቡትን ያልተረዱ ሰው ይመስል በሩን ያያሉ።

"ከመንግሥት ነሽ?" አሏት።

"ከጋዜጣ ነኝ አባባ።"

"ሰው ነሽ?"

ቀልድ መስሏት ነበር። ዓይናቸውን ስታይ ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። "ሰው ነኝ" አለች።

"እንግዲያው ስሚኝ" አሉና ግድግዳውን ታክከው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። የትናየትም አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እናቱ፣ እህቴ ማለት ነው፣ ኅዳር ላይ አረፈች። ልናረዳው አራት ሆነን መጣን። ጎህ ሳይቀድ እዚህ በር ላይ ቆምን። ስናንኳኳ ድምፁ መለሰልን፤ 'ጅጅጋ ነኝ አጎቴ፣ ለሥራ ወጥቼ ነው፣ ለፋሲካ እመጣለሁ' አለን። ተመለስን።"

"ለምን ያኔውኑ አልነገራችሁትም?"

ሽማግሌው ዞረው አዩዋት። "ልጄ፣ መርዶ ለወኪል ይነገራል? ሰው መርዶ ሲሰማ ይወድቃል። የሚይዘው እጅ አጠገቡ መኖር አለበት። ስለዚህ እስኪመጣ ጠበቅነው። በየእሁዱ ይደውላል። 'እማማ ደህና ናት?' ይለናል። 'ደህና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች' እንለዋለን። 'ሳሙልኝ' ይላል። 'እሺ' እንላለን።" ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "እኛ የእሷን ሞት ከእሱ ስንደብቅ፣ ለካ የእሱን ሞት ከእኛ የሚደብቅ ነበር።"

የትናየት እሁድ ጠዋት የሰማችው "ተኝቷል" የሚል ቃል ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ጆሮዋ ላይ ተመላለሰ። ገፋችው።

"ያን ቀን ማንንም አላያችሁም?"

"አንድ ወጣት ብቻ በሩን ከፍቶ ወጣ። ቦርሳ ይዟል። 'ዕቃ ላስተካክል መጥቼ ነው፣ ባለቤቱ የለም' አለን። ጨዋ ልጅ! ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ክንዴን ይዞ እስከ ታች አወረደኝ። ሲያስለኝ ሰምቶ ይቺን ሰጠኝ።" እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱና በቢጫ ወረቀት የተጠቀለለች ከረሜላ አወጡ። "ከረሜላ የሚያስበላ ቀን አልነበረም። እንዲሁ ኪሴ ውስጥ ቀረች።"

ወረቀቷ ላይ ትንሽ ንብ ነበረች።

የየትናየት እጅ ሳታዝዘው ወደ ራሷ ኪስ ሄደ። የእሷም እዚያው ናት።

* * *

ያኔውኑ ደረጃውን ወርዳ ጫልቱን በራሷ አፍ ልትነግራት ትችል ነበር። ኢንስፔክተሯ ገና ግቢው ውስጥ ነበረች። የትናየት ግን ስንት ዓመት የሌሎችን ዜና ስታትም ኖራ የራሷ የሚሆን ዜና ዛሬ እጇ ገብቷል። ሐሙስ ያፌት ራሱ ይመጣል። ፊት ለፊት ትጠይቀዋለች፣ ፖሊስ ደረጃው ላይ ይጠብቃል፣ ከዚያ ትጽፈዋለች። ቤቷ ገብታ፣ ሁሌም እንደምታደርገው፣ ለወኪሏ ነገረችው።

"ለኢንስፔክተር ጫልቱ ንገርልኝ። ገዳዩ ድምፅ አዳሽ ነው፣ ያፌት ይባላል። ለግዛቸው አጎትም ለእኔም አንድ ዓይነት የንብ ከረሜላ ሰጥቶናል። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ቤቴ ይመጣል። ደረጃው ላይ ትጠብቅ።"

ጥቂት ቆይቶ "ደርሷል" አላት በራሷ ድምፅ። "እሺ ብላለች።"

ከዚያ ተቀምጣ በእጇ ጻፈች። ስለ ከረሜላዋ አንድም ቃል አላነሳችም፤ ለሐሙስ አቆየቻት። የጻፈችው ስለ አቶ ቦጋለ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ስለቆሙ አራት ሰዎች፣ በየእሁዱ "ደህና ናት" ስለሚል ቤተሰብ፣ በየእሁዱ "ሳሙልኝ" ስለሚል ሬሳ። ስትጨርስ "ተኝቷል" የሚለው ቃል እንደገና መጣባት። አባባ የተኛው ከመቼ ጀምሮ ነው? ጥምቀት አካባቢም ተኝቶ ነበር። ሑዳዴ ሲገባም። ብርጭቆዋን ሞላችና ሐሳቡን ሳትጨርሰው ጠጣች።

አጥናፉ ጽሑፉን ሲያነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ማላመጡን አቆመ። "ደም የለውም" አላት። ቆየት ብሎ ግን "እናቴ ጋ ልደውል ነው። ራሴ" አለና ዘጋው። ረቡዕ ጽሑፉ ማኅተሟን ይዞ ወጣ።

* * *

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የትናየት ማታውን አልጠጣችም ነበር።

"ኢንስፔክተሯ መጥታለች?" ብላ ወኪሏን በሹክሹክታ ጠየቀችው።

"ደረጃው ላይ ናት።"

ከፈተች። ያፌት ጫማውን አውልቆ ገባ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ፣ ጭንብሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ጽሑፍዎን አነበብኩት" አላት። "ግሩም ነው። ከረሜላዋን ግን አልጻፏትም።"

የትናየት ዞራ ወጥ ቤቱን አየች። ስለ ከረሜላዋ የተናገረችው ለወኪሏ ብቻ ነበር። ወኪሏ ደግሞ ከእሁድ ጀምሮ የሚታዘዘው ለሌላ ሰው ነው።

"ጫልቱ!" ብላ ጮኸች።

ደረጃው ላይ ማንም የለም። የጎረቤት ወኪል ግን ጩኸቱን ሰምቶ በግድግዳው በኩል "ሰላም ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ሰላም ነው፣ ብርጭቆ ወድቆ ነው" አለ የትናየት ድምፅ፣ ወጥ ቤት ሆኖ።

"እግዜር ያትርፍ" አለ የጎረቤት ወኪል።

ያፌት ቀጭን ይምሰል እንጂ ጉልበቱ ብርቱ ነበር። ጭንብሉን ጭንቅላቷ ላይ ጎትቶ አንገቷ ላይ አጠበቀው። ዓለም በአንዴ ጸጥ አለች። ከጭንብሉ ጎን አየር የሚገባባት ቀዳዳ አለች፤ በአውራ ጣቱ ደፈናት። ዓይኗ ፊት የተለመደው ጽሑፍ በራ። *ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።* ግዛቸው ያነበበው የመጨረሻ ነገር ይህ መሆኑ ገባት። ጮኸች። ጩኸቷ ከፊቷ አልፎ የትም አልሄደም።

ከዚያ ያፌት በድንገት ቆመ። አውራ ጣቱን ከቀዳዳዋ አንስቶ በሁለት እጁ እግሮቿን ጨምድዶ ያዘ፣ ጠረጴዛውን እንዳትመታ ነው። አየር እንደ ክር ሆኖ ገባላት። ለምን እንደተወላት አላወቀችም። የተሰጣትን ተነፈሰች።

ውጭ የሆነውን ኋላ ላይ አስካለ ነግራታለች።

አስካለ፣ አጎታቸው ጋሽ ደምሴና ሁለት የሁሩታ እድርተኞች በሩ ላይ ቆመው ነበር። አባታቸው አቶ ሽብሩ ያረፉት በጥምቀት ሰሞን ነው። ያኔም ሊያረዷት መጥተው ነበር፤ "ለሥራ ሐዋሳ ነኝ" የሚል ድምፅ መለሳቸው። የትናየት ያን ጠዋት ውስጥ ሆና ሰክራ ተኝታ ነበር፤ ጠዋት የሚመጣን ሰው ሁሉ እንዲመልስ ወኪሏን ያዘዘችው እሷው ራሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ "ተኝቷል" ሲሏት ከረሙ። ረቡዕ ግን ጋሽ ደምሴ ጋዜጣውን አነበቡ። እስከ መጨረሻው አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "አስካለ፣ ተነሺ" አሉ።

አሁንም የለመዱት ድምፅ መለሰላቸው። "ጋሼ! እንዴት አደራችሁ? አይ አለመታደል፣ ድሬዳዋ ነኝ። በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ።"

"ድሬዳዋ ሆነሽ ነው ትናንት አዳማ ላይ የጻፍሽው?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ሥራ በዝቶብኝ ነው ጋሼ።"

ከእድርተኞቹ አንዱ እንደ ባለፈው መመለሱ አይሻልም ወይ አሉ። ያኔ አስካለ ነጠላዋን አጥብቃ አሰረች። "አንመለስም። እዚሁ በሩ ላይ አርዷት። ውስጥ ካለች ትጮሃለች። እህቴን አውቃታለሁ፣ ሕንፃውን ነው የምታነቃው።"

"እንዲህ ተደርጎ አያውቅም" አሉ ሰውየው።

"እንዲህ ሆኖም አያውቅም" አሉ ጋሽ ደምሴ። ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ በሩ ተጠጉ። "የትናየት፣ ልጄ። አባትሽ ሽብሩ አርፏል። ቀብረነዋል። ነይ ውጪልን፣ አብረን እናልቅስ።"

አራቱም ትንፋሻቸውን ይዘው አደመጡ።

"በጣም አዝናለሁ" አለ ድምፁ፣ ያው ለስላሳ እንደሆነ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለቅሶው የት እንደሆነ ይላኩልኝ፤ አበባ እልካለሁ።"

አስካለ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። "አባቷ ሞቶ አበባ?! ኧረ እህቴ እንዲህ አትልም! ስበሩልኝ ይሄን በር!"

በጩኸቷ የኮሪደሩ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሰዎች ወጡ። ወኪሎቻቸው አይደሉም፤ ራሳቸው፣ በሌሊት ልብሳቸው፣ በተንጨባረረ ፀጉራቸው፣ ብርሃን እንዳልለመደ ሰው ዓይናቸውን እያሹ። አንዱ ድጅኖ ይዞ መጣ። መቆለፊያው ሲላቀቅ ያፌት ቀድሞ ብቅ አለና በትሕትና "ባለሙያ ነኝ፣ ወይዘሮዋ ታመው ነው" አለ። ጋሽ ደምሴ አላናገሩትም። የሸሚዙን ኮሌታ ጨብጠው ግድግዳው ላይ አስደገፉት፤ ድጅኖ የያዘው ጎረቤትም አጠገባቸው ቆመ።

የትናየትን ያዳናት ጩኸቷ አይደለም። የወኪሏ አለመጮህ ነው።

ጭንብሉ ከጭንቅላቷ ሲወልቅ መጀመሪያ የሰማችው የአስካለን ትንፋሽ ነው። ቀጥሎ አየር፣ ብርሃን፣ ብዙ እግር። የእህቷን አንገት አቀፈች። "መጣሽልኝ! አስኩዬ፣ መጣሽልኝ!" እያለች ሳቀች። ያ ሳቅ የራሷ ነበር፤ የሻከረ፣ መሐሉ ላይ የሚሰበር።

ከዚያ በእህቷ ትከሻ በኩል አየች። ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። እድርተኞቹ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። አስካለ ጥቁር ለብሳለች። ገና ጎህ እየቀደደ ነው። በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ ሆኖ፣ አንድ ላይ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

"አባባ ነው?" አለች።

አስካለ አጥብቃ ያዘቻት። የትናየት ወደቀች፤ እጆችም ነበሩ፣ ያዟት።

* * *

ሁሩታ ላይ ድንኳን እንደገና ተጣለ። ለቅሶ ከወራት በኋላ ሁለተኛ መቀመጥ ያልተለመደ ነበር፤ የእድሩ ዳኛ ግን "ልጅቷ አላለቀሰችም፣ ስለዚህ አላለቀም" ብለው ወሰኑ።

ኢንስፔክተር ጫልቱ መጥታ ትንሽ ተቀመጠች። ያፌት የገደላቸውን ሰዎች ወኪሎች እያሠራ ደመወዛቸውን ይበላ እንደነበር፣ ዝርዝሩ ደግሞ እስካሁን ከተገኙት እንደሚበልጥ በቀስታ ነገረቻት። ስትነሳ እጇን ጨበጠቻት። "ሁለተኛ ስትፈልጊኝ ጮኸሽ ጥሪኝ። ራስሽ" አለቻት።

የትናየት ሰው በገባ ቁጥር ትነሳለች። አንዳንዱን አታውቀውም፤ ቢሆንም ትነሳለች። "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች፤ ስትለው የቃሉን ክብደት አፏ ውስጥ ትሰማዋለች። ድጅኖ የያዘው ጎረቤት ከነሚስቱ ከአዳማ መጥቶ ነበር። ስማቸውን ያን ቀን አወቀች። ሚስትየዋ "ግድግዳ ለግድግዳ ስንኖር እኮ..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ማምሻውን አስካለ ሰው ሲሳሳ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ያውቅ ነበር" አለቻት።

"ማን?"

"አባባ። እሁድ እሁድ ያ ድምፅ ሲደውል 'ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም፣ የኔ ልጅ ትቆጣለች' ይል ነበር። ግን ያዋራት ነበር። ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ዝናቡ። 'ምናልባት ታደርስልኝ ይሆናል' እያለ።"

"አላደረሰልኝም" አለች የትናየት።

"እኔ ሰምቼዋለሁ። ሁሉንም እነግርሻለሁ። ቀስ ብለን።"

የትናየት የእህቷን እጅ ያዘች። ኩርፊያው የት እንደገባ ሁለቱም አልጠየቁም።

በሦስተኛው ቀን አቶ ቦጋለ መጡ። ከመተሐራ በአውቶቡስ፣ አቧራ ለብሰው፣ በምርኩዛቸው። የራሳቸው ሐዘን ገና አልበረደም። ለቅሶ ደራሽ እንደሚያደርገው ከአጠገቧ ተቀመጡ። ኋላ "ጎህ ሲቀድ እኛም መጥተን ነበር" አሉ። "የአንቺዎቹ ግን አልተመለሱም።"

"አባባ፣ እርስዎ ያን ቀን ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ባይነግሩኝ ኖሮ የኔዎቹም ይመለሱ ነበር። የእርስዎን ነገር አንብበው ነው የመጡት።"

ሽማግሌው አሰቡበት። ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እንግዲያው ግዛቸው ለአንድ ሰው ደርሷል" አሉ።

"ደርሶልኛል። እግዜር ይስጥልኝ አባባ።"

ያኔ የአስካለ ስልክ ጠራና ለየትናየት አቀበለቻት። የጋዜጣው ወኪል ነው። የያፌት ዜና ተጽፎ አልቋል፣ ማኅተም ብቻ ነው የሚጠብቀው።

"እኔ ነኝ" አለች የትናየት። ሦስት ቀን ያለቀሰ ጉሮሮ ነው፤ ድምፅዋ ተሰንጥቆ፣ ተቦጫጭሮ ወጣ።

"ይቅርታ፣ ድምፅዎን መለየት አልቻልኩም" አለ ወኪሉ። "እባክዎ የትናየት ሽብሩን ያቅርቡልኝ።"

"የትናየት ነኝ።"

"ይቅርታ፣ መለየት አልቻልኩም።"

ስልኩን ዘጋችና ለእህቷ መለሰችላት። ያን ዜና ስትመለስ ራሷ ትጽፈዋለች፣ ከረሜላዋንም ጭምር።

"ማን ነው?" አሉ አቶ ቦጋለ።

"አላወቀኝም።"

"እኛ አውቀንሻል" አሉ ሽማግሌው። አጠገባቸው ያለውን ጣሳ አንስተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። "እንቺ፣ ውሃ ጠጪበት። ጉሮሮሽ ደርቋል።"

በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች።